የእንግሊዝኛ ዜና ለመስማት ጆሮን ስለ ማስተማር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የምናገረው ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፥ ነገር ግን ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ስለ ሆነ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ የሚነገረውን ዜና በጆሮ ሰምቶ ስለ መረዳት ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፥ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም፥ ኬሚስትሪውም፥ ታሪኩም፥ ጂኦግራፊውም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ወላጆቻችን ሩዝና ጤፍ ሸጠው፥ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝተው የሚልኩን ይህን ሁሉ እንድናውቅ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ወይም ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ሲናገር በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁን ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ጋዜጣውን ቢሰጡት አንብቦ የሚያስረዳ ተማሪ፥ ያንኑ ነገር ከሰው አንደበት ሲወጣ ሲሰማው ይጠፋበታል። ዓይናችን ተምሮአል፤ ጆሮአችን ግን ገና አልተማረም።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዳንድ ሰው «ስንፍና ነው» ይላል። እኔ ግን ነገሩን በመረመርሁት ጊዜ ከስንፍና ሌላ አራት ምክንያቶች አግኝቼበታለሁ።

አንደኛው ምክንያት ከፊደላችን የመጣ ነው። የእኛ ፊደል ከመጥበቅና ከመላላት በቀር የተጻፈውን እንደ ተጻፈ የሚያሰማ ነው። «ሰላም» ብለን ሦስት ፊደል ብንጽፍ ሦስቱም ይሰማሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን እንደዚህ አይደለም። «ረቡዕ» ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል ስንጽፈው በመካከሉ የ«ደ» ድምፅ ያለው ይመስለናል፤ ዜና አንባቢው ግን «ዌንዝዴይ» ብሎ ያልፈዋል። «ደሴት» ማለት በሆነው ቃል ውስጥም «ኤስ» የሚባለው ፊደል ይጻፋል፤ የሚሰማው ግን «አይላንድ» ብቻ ነው። እኛ የተጻፈውን ስንጠብቅ የተነገረው ያመልጠናል።

ሁለተኛው ምክንያት የአነጋገሩ ኃይል ነው። በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ይዞ ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ከአንድ ቃል አንዱን ክፍል ከፍ አድርጎ ያሰማና የቀረውን ይውጠዋል። በመጽሐፍ ላይ «ኦፍ»፥ «ቱ»፥ «ኤንድ» ተብለው ለብቻቸው ተለይተው የሚታዩት ትናንሽ ቃላት፥ በዜና አንባቢው አፍ «እቭ»፥ «ተ»፥ «እን» ሆነው ከጎረቤታቸው ጋር ይጣበቃሉ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳችን ላይ ሲተኙ የማሳው ድንበር ሁሉ እንደሚጠፋ፥ እንደዚሁም በፈጣን እንግሊዝኛ ውስጥ የቃላቱ ድንበር ይጠፋብናል። ድንበሩ ግን አለ፤ ውኃው ከመምጣቱ በፊት ማሳውን የሚያውቅ ሰው የት እንዳለ ያውቀዋል። በቁጥርም ላይ እንደዚሁ ነው። በአማርኛ «አሥራ ሦስት» እና «ሠላሳ» ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በእንግሊዝኛ ግን «ሠርቲን» እና «ሠርቲ» የሚለያዩት በመጨረሻው ክፍል ርዝመትና ጥንካሬ ነው። ይህን የማይለይ ጆሮ የ50 ሰው ስብሰባ የ15 ሰው አድርጎ ሊያወራ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት የአረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ስለ ሆነ፥ እኛ እስከ መጨረሻው ታግሠን መጠበቅ ልማዳችን ነው። በእንግሊዝኛ ዜና ግን ዋናው ነገር በመጀመሪያው ላይ ይነገራል፤ ማን እንደ ሆነና ምን እንዳደረገ ወዲያው ተነግሮ፥ የት፥ መቼና ለምን የሚለው በኋላ ይከተላል። ስለዚህ እኛ ጆሮአችንን አዘጋጅተን ፍጻሜውን ስንጠብቅ ፍሬው አልፎ ሄዷል። ለምሳሌ አንድ ሚኒስትር የተወራባቸውን ነገር ቢያስተባብሉ፥ በአማርኛ «አስተባበሉ» የሚለው ቃል በመጨረሻ ተለይቶ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግን «ዲናይድ» የሚለው አንድ አጭር ቃል ከስማቸው ቀጥሎ ይመጣና፥ ያስተባበሉት ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይዘረዘራል። ያችን አንዲት ቃል ያልሰማ ሰው፥ የተካደውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ለጎረቤቱ ያወራል። ከዚህ የሚበልጥ አደጋ ምን አለ?

አራተኛው ምክንያት ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ያጠናናቸው ቃላት በዜና ውስጥ ሌላ ትርጉም ይዘው ይገኛሉ። «ሴል» በባዮሎጂ የሕይወት ትንሹ ክፍል ነው፤ በዜና ግን እስረኛ የሚያድርበት ክፍል ሊሆን ይችላል። «ቻርጅ» በፊዚክስ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ በዜና ግን ክስ ነው። «ሴንተንስ» በሰዋስው አረፍተ ነገር ነው፤ በፍርድ ቤት ዜና ግን ዳኛው የወሰነው ቅጣት ነው። «ፓወር» በሂሳብ ስንሠራበት አንድ ነገር ነው፤ በዜና ግን የመንግሥት ሥልጣን ወይም የመብራት ኃይል ነው። ተማሪው ቃሉን አላጣውም፤ ቃሉ ያለበትን ቦታ ነው ያጣው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስ። ጆሮን ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ከዚያም ወደ ጋይንት ያደርሳል። በጋይንት አገር ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አባ በዝማሬና በመዋሥዕት የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ዜማው በምልክት ተጽፎ ሳለ፥ ተማሪው ምልክቱን በማየት ብቻ ዜማውን ሊያውቀው አይችልም፤ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ፥ ደግሞ ደጋግሞ ብሎ፥ ታርሞ ነው የሚይዘው። የቃል ትምህርት የሚባለውም ያለ ብርሃን በሌሊት ሊማሩት የሚቻል፥ በጆሮና በአፍ ብቻ የሚሄድ ትምህርት ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ብሆንም፥ በዚያም መዝሙሩን ከመጽሐፉ በፊት በጆሮአችን እንቀበለው ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ያወቁትን ጥበብ እኛ ለእንግሊዝኛ ብናውለው የሚያሳፍር አይደለም፤ ይልቁንም የሚያኮራ ነው።

ነገር ግን ደጋግሞ መስማት ብቻውን አይበቃም። እኔ ዋና አድርጌ ልናገር የምፈልገው ይህን ነው፤ ሰው በባዕድ ቋንቋ በደንብ የሚሰማው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ዜና ለመስማት የሚፈልግ ተማሪ፥ አስቀድሞ ያንኑ ዜና በአማርኛ ይስማ እላለሁ።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። «እንግሊዝኛ ለመልመድ አማርኛን መርሳት ነው፤ እየተረጎመ የሚያስብ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። እውነት ነው፤ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው አንደኛውን ቃል ሲፈታ አምስት ቃላት ያልፉታል። ነገር ግን ቃልን መተርጎምና ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሸክም ነው፤ ሁለተኛው ግን መብራት ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀ ጊዜ የዓለም ሬዲዮኖች ሁሉ ነገሩን በእንግሊዝኛ አውርተውታል። በእነርሱ አፍ ኢትዮጵያ «ኢሲኦፒያ» ናት፤ አባይ «ናይል» ነው፤ ግድቡም በአጭሩ «ገርድ» ይባላል። የምረቃውን ወሬ በአማርኛ የሰማ ተማሪ እነዚህ ሦስት ድምፆች ምን እንደ ሆኑ ወዲያው ይለያቸዋል፤ የቀረውንም ይከተላል። ያልሰማው ግን የገዛ አገሩን ስም እንኳ ሳያውቀው ያልፈዋል። በጣና ሐይቃችን ላይ የተንሰራፋው እምቦጭም በእንግሊዝኛ «ዎተር ሃያሲንዝ» ይባላል። ይህን ቃል ከመዝገበ ቃላት ላይ ብቻ ያየ ሰው ስለ አበባ የሚወራ ሊመስለው ይችላል። እምቦጭን በዓይኑ ያየ የሐይቁ ዳር ልጅ ግን፥ «ሌክ ታና» እና «ዓሣ አጥማጆች» የሚሉትን ቃላት ከያዘ ነገሩን ያገኘዋል።

ከዚህም ይልቅ ለፎገራ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በሜዳችን ሩዝ መመረት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፥ ዛሬ ፎገራ የሚባለው ስም ከከብቱ ጋር በሩዙም የታወቀ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የህንድ መንግሥት ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ከለከለ። ህንድ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሩዝ 40 በመቶ ያህሉን የምትልክ አገር ስለ ሆነች፥ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ክልከላው የተነሣው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። አሁን ይህን ዜና በእንግሊዝኛ የሚሰማ አንድ ተማሪ እናስብ። «ህንድ»፥ «ሩዝ» እና «ከለከለች» የሚሉትን ቃላት ሰምቶአል እንበል። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ «ኤክስፖርት» ነው ወይስ «ኢምፖርት»? በፈጣን አነጋገር የሁለቱ ልዩነት የመጀመሪያዋ አጭር ድምፅ ብቻ ናት። የነገሩ ትርጉም ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ሩዝ እንዳይወጣ ተከልክሎ ከሆነ በዓለም ገበያ ሩዝ ይወደዳል፤ እንዳይገባ ተከልክሎ ከሆነ ግን ሊረክስ ይችላል። አገራችንም ከውጭ ሩዝ የምትገዛ ስለ ሆነች፥ ነገሩ የነጋዴውንም የገበሬውንም ኪስ ይነካል። ያንን ቃል ገልብጦ ያወራ ልጅ አባቱን ያለ ጊዜው ሩዙን እንዲሸጥ ሊያደርገው አይችልምን? ህንድ ሩዝ ሻጭ እንጂ ሩዝ ሸማች አገር እንዳልሆነች አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ግን፥ ጆሮው ቢጠራጠር እንኳ እውቀቱ ያቃናዋል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ወላጆቻችንን የሚመለከት ነው። ብዙዎቻችሁ «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም፥ ልጃችንን በዚህ ልንረዳው አንችልም» ትላላችሁ። ይህ ትክክል አይደለም። ስለ ሩዝ ዋጋ፥ ስለ ጎርፍ፥ ስለ ማዳበሪያ፥ ስለ ከብት በሽታ በእንግሊዝኛ ሲወራ፥ የነገሩን ሥር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ቃሉን ያመጣል፤ አባት ነገሩን ያመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዜናው ይሟላል። ልጁ «አባባ፥ ሬዲዮው ስለ ሩዝ አንድ ነገር አለ፥ ግማሹን ሰማሁት» ቢል፥ አባቱ «ግማሽ ምን ያደርጋል» ብሎ ባይስቅበትና የቀረውን አብረው ቢፈልጉ፥ ያ ቤት ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ላይ የቁጥርን ነገር ልጨምር። የውጭ ዜና እህልን በቶን ይቆጥራል፤ 1 ቶን 10 ኩንታል ነው። መንገድን አንዳንዴ በማይል ይለካል፤ 1 ማይል ከ1 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሰዓቱንም በግሪንዊች ሰዓት ሊናገር ይችላል። በግሪንዊች ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው ቢባል፥ ያ የፈረንጅ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ የአገራችን አቆጣጠር ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም በፈረንጅ 12 ሰዓት ተኩል፥ በእኛ አነጋገር ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። እነዚህን በአእምሮው ያዘጋጀ ሰው በዜናው መካከል ቆሞ አይሰላም።

ይህ የመስማት ችግር ከእኛ በፊትም የታወቀ ነበር። የእንግሊዝ ሬዲዮ ቢቢሲ ወደ ውጭ አገሮች ማሰማት የጀመረው በታኅሣሥ 1925 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ የባዕድ አገር ሰዎች ፈጣኑን ዜና መከተል እንዳልቻሉ አይቶ፥ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ልዩ እንግሊዝኛ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም 1,500 ያህል ቃላት ብቻ ተመርጠው፥ አረፍተ ነገሩ አጥሮ፥ ንባቡም ከተለመደው ፍጥነት ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ዜናው ይነገር ነበር። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የጣቢያው ሥራ በአገሩ መንግሥት ትእዛዝ በአብዛኛው ቢቋረጥም፥ ከዚያ በፊት የተቀዳውን ያገኘ ተማሪ ዛሬም ሊለማመድበት ይችላል። በአገራችንም ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይናገር ስለ ነበር፥ የዚያ ዘመን ተማሪ ከአንድ ጣቢያ ሁለቱን ቋንቋ ለመስማት ዕድል ነበረው። ቢቢሲም በመስከረም 2010 ዓ.ም. የአማርኛ አገልግሎት ጀምሮአል። እንግዲህ ነገሩን በአማርኛ ሰምቶ ወደ እንግሊዝኛው ለመሻገር ድልድዩ ተሠርቶልናል፤ የቀረው መራመድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ያስብ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ያገኘው የነበረው ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደውን ወሬ ነው። ወሬም እንደምታውቁት ወንዝ በተሻገረ ቁጥር ይጨምራል። እንደዚያ ባለ ጊዜ አንድን ነገር ከሁለትና ከሦስት ጣቢያ፥ በሁለትም ቋንቋ ሰምቶ ማመዛዘን የሚችል ሰው ለቤተሰቡም ለሰፈሩም ይጠቅማል። ከዚህም በቀር ብሔራዊ ፈተናችን ዓይንን እንጂ ጆሮን የማይመረምር ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ግን ትምህርቱን የሚቀበለው በጆሮው ነው። ጆሮውን ሳያስተምር የሄደ፥ ፈተናውን አልፎ ትምህርቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ምክንያት ሦስት ሐሳቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በሳምንት ሁለት ቀን፥ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፥ የአንድን ዜና ፍሬ ነገር በአማርኛ ያንብብልን፤ ቀጥሎም ያንኑ ዜና በእንግሊዝኛ የተቀዳውን ሦስት ደቂቃ ያህል ያሰማን። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፤ ማን? ምን አደረገ? የት?

ሁለተኛ፥ በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ውስጥ የማዳመጥ ክፍል አለ፤ የሚነበበውም ጽሑፍ በመምህሩ መመሪያ ውስጥ ይገኛል። በፈተና ስለማይመጣ በብዙ ቦታ ይዘለላል። መምህራኖቻችን ይህን ክፍል እንዳይዘሉት፥ እኛም ተማሪዎች «ይህ ለፈተና አይመጣም» እያልን እንዳንጎተጉታቸው እለምናለሁ።

ሦስተኛ፥ እያንዳንዳችን በቤታችን በቀን አሥር ደቂቃ እንመድብ። በዚያ ጊዜ አንዲት አጭር ዜና ብቻ እንውሰድ። መጀመሪያ ዓይናችንን ጨፍነን እንስማ፤ ሁለተኛ የሰማነውን ቃል እንጻፍ፤ ሦስተኛ አንዱን አረፍተ ነገር እንደ ቃል ትምህርት ተማሪ ጮክ ብለን ከአንባቢው ጋር እንበል፤ በመጨረሻም ነገሩን በአማርኛ ለቤታችን ሰው እናውራ። አውርቶ ማስረዳት ያልቻለ ገና አልሰማም ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከመቶ ቃል አሥር ብንይዝ አንዘን፤ ሩዝም የሚያፈራው በተዘራ ማግስት አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እንግሊዝኛ የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ዜናው ግን ብዙ ጊዜ የእኛው ነው። ስለ ሐይቃችን፥ ስለ ወንዛችን፥ ስለ እህላችን፥ ስለ አገራችን ሰላም ሰው በሩቅ አገር ሲናገር፥ ያለ አስተርጓሚ በገዛ ጆሮአችን ልንሰማና ትክክለኛውን ከስሕተቱ ለይተን ለወገናችን ልናስረዳ ይገባናል። አማርኛችንም ለዚህ ሥራ መሰላል እንጂ እንቅፋት አይሁንብን።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ይኑር! ያስተማሩንን መምህራንና ያሳደጉንን ወላጆች እግዚአብሔር ይባርክልን።